ከባሕር ዳር አዘዞ፣ በአዲስ አበባ በኩል

ጎንደር፣ ሰኞ ከቀትር በኋላ

እማዬ፣

እንዴት ከረምሽ ልልሽ ብዕሬን አነሣሁና ከተለያየን ገና ሦስት ቀን መሆኑ ትዝ አለኝ። ለእኔ ግን የከረምሁ ያህል ነው። እግርሽ እንዴት ነው? ትናንት ካህናቱን ልሸኝ ብለሽ እስከ አጥሩ በር ሳትወጪ እንዳልቀረሽ አውቃለሁ፤ ተቀመጪ ቢሉሽም እንዳልተቀመጥሽ አውቃለሁ። እህል ቀመስሽ? ጎረቤታችን የሺአረግ ከድንኳኑ ሥራ ስትመለስ ቤቷ ሳትገባ አንቺ ዘንድ እንድታድር አደራ ብያት ነበር። አደረች? ድንኳኑስ ፈረሰ? ሰው ሁሉ ተበትኖ ግቢው ባዶውን ሲቀር የሚሆነውን እዚህ ሆኜ እያየሁት ነው፤ እባክሽ ብቻሽን አትቀመጪ።

እኔ አልታመምሁም። ወንጌላዊትም፣ ባሏ አካሉም፣ ሕፃኑም አሉ። ከዚህ በላይ ያለውን ባንድ ቃል የምጨርሰው ስላልሆነ ነው ወረቀት የያዝሁት። ስልኩን እንደሆን ታውቂዋለሽ፣ ሁለት ቃል አድርሶ ሦስተኛውን ይውጠዋል። አንቺም ብትሆኝ በስልክ የተነገረ ነገር በእጅ አይጨበጥም ባይ ነሽ። ጋሽ አንዳርጋቸው ረቡዕ ይመለሳሉ፣ ይህንንም ወረቀት ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ ለእኔ ግን እስከሚመጣው ሳምንት ወንበር የለም ተባልሁ። ስለዚህ ደብዳቤው ቀድሞኝ ይደርስሻል። የሺአረግ ታንብብልኝ እንዳትይ። መነጽርሽን አድርገሽ፣ በሩን ዘግተሽ፣ ራስሽ አንብቢው።

የላክሽኝን መልእክት እንዴት እንዳደረስሁ፣ ይልቁንም እንዴት እንዳበላሸሁት ልነግርሽ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ በር ላይ ይዘሽ ያልሽኝን ሁሉ እየደገምሁ ነበር አውሮፕላን ማረፊያ የደረስሁት። ጥቁሩን አውልቂ። ዓይንሽን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቢ። እህትሽ አራስ ናት፤ በአራስ ጆሮ መርዶ አይገባም፤ ደንግጣ ወተቷ ቢደርቅ የዚያን ሕፃን ነፍስ ከማን እንቀበላለን? ክርስትናው ይለፍ። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ የአካሉ አጎት መሪጌታው ሽማግሎች ይዘው ገብተው በወጉ ያረዷታል። እስከዚያ አባትሽ የት ቀረ ካለችሽ ሐኪም አውሮፕላን ከለከለው በያት። እኔን ካለችሽ እግሯ አብጧል በያት፣ ይኸስ እውነት ነው አልሽኝ። ያን ጊዜ ሁለታችንም ሳቅ ሊያመልጠን ነበር፤ ታስታውሻለሽ?

ደግሞስ ስንለማመደው የኖርነው ነገር አይደለም ወይ! ጠዋት ወንጌላዊት ወንድ ልጅ ተገላገለች የሚል ስልክ መጣና አባዬ ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ «ምን ታፈጣላችሁ፣ እልል በሉ እንጂ!» አለን። ማታውን እሱን ከዚያው አልጋ አወረድነው። የአንዱ አርባ ክርስትና፣ የሌላው አርባ ተዝካር ሆኖ በአንድ እሑድ የዋለው በዚህ ነው። አንቺ ተዝካሩን ያዝሽ፣ እኔ ክርስትናውን። በመካከሉ ባሉት ቀናት ወንጌላዊት በደወለች ቁጥር ስልኩ ተቆራረጠ ብለን ስንራገም የኖርን ሰዎች መቆራረጡን መረቅነው። አባዬን አቅርቢልኝ ስትልሽ «አይሰማም ልጄ፣ አይሰማም» ብለሽ ትዘጊው ነበር። ዘግተሽም ስልኩን ከነጠላሽ ሥር ትደብቂው ነበር፤ የሚያይብሽ ያለ ይመስል።

መንገዱን ልንገርሽና አትሳቂብኝ። ቅየሳ ተምራ እስከዛሬ የቀየሰችው ነገር የሌላት ልጅሽ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ወንበር ላይ ተቀምጣ በስልኳ ርቀት ስትለካ አረፈደች። ምን ላድርግ፣ እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አዘዞ ያለው በሐይቁ ላይ ቀጥ ብሎ ቢሰመር መቶ ኪሎ ሜትርን እምብዛም አያልፍም። በቀጥታ የሚበር ቢኖር ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ቀበቶ ፍቱ ሳይባል ቀበቶ እሰሩ ይባላል። በመኪና ሐሙሲትን፣ ወረታን፣ ማክሰኝትን ይዞ ሲዞር መቶ ሰማንያ ገደማ ይሆናል፤ በደጉ ጊዜ ቁርስ ባሕር ዳር፣ ምሳ ወንጌላዊት ቤት ነበር። አሁን ግን መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ሐሙሲት ደርሶ እየተመለሰ ነው፤ እሱም በወጣ ቀኑ። ስለዚህ ወደ ሰሜን ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ወደ አዲስ አበባ በረርሁ። እዚያ ግማሽ ቀን ተቀመጥሁ። ከዚያ ተመልሼ ከአንድ ሰዓት በላይ ወደ ሰሜን። መቶዋን ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሰባት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር! አባዬ ቢሰማ «ሐይቁ ምን አደረጋችሁ?» ይል ነበር።

ከአዲስ አበባ ወዲህ አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ አንዳርጋቸው ሆኑ፤ እኒያ በርበሬ ነጋዴው፣ ለቅሷችን ላይ ከዕድሩ ጋር የመጡት። ቤተሰባቸው ማክሰኝት እንደሆነ ታውቂያለሽ። «አንቺስ ምን ሆንሽ፣» አሉኝ፣ «የባሰብኝ እኔ ነኝ። ማክሰኝት እኮ ጎንደር ሳይደረስ ነው! ባሕር ዳር ተነሥቼ፣ አዲስ አበባ ሄጄ፣ ማክሰኝትን በአናቷ አልፌ፣ አዘዞ ወርጄ፣ ወደ ኋላ ልመለስ። ሰው ቤቱን ሊገባ ይሄዳል፤ እኔ ቤቴን ልከብበው የምሄድ ነው የሚመስለው።» አስተናጋጇ ውኃ ስታቀርብላቸው «እቴ ልጄ፣ ውኃውን ተይውና ማክሰኝት ላይ ወራጅ አለ በይልኝ» አሏት። ከፊት ያሉት ሰዎች ዞረው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ እማዬ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ሳቁ ሳይበርድ በግራው መስኮት ሐይቁ መጣ።

ከባሕር ዳር ትንሽ ወደ ምሥራቅ ነበርን። ውኃው ጭቃ የነካው መልክ ነበረው፣ ደሴቶቹ ጠቆር ጠቆር ብለው ተበታትነዋል፣ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አፍም በደንብ ይታይ ነበር። ከዚያ አፍ ተነሥቼ ድልድዩን፣ ከድልድዩ ተነሥቼ ጨርቃ ጨርቁን፣ ከሱ ደግሞ የኛን ሰፈር ልለይ ሞከርሁ። ከዚያ ከፍታ አይለይም፤ መስኮቱን በእጅጌዬ እየጠረግሁ ግን ቀጠልሁ። ድንኳኑ ከዓርብ ጀምሮ ተተክሏል፣ ከሥሩ ሽንኩርት ይከተፋል፣ አንቺ ጥግ ላይ ተቀምጠሻል። እኔ በላይሽ እያለፍሁ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቅርብ ሆኜ እንደዚያ ርቄሽ አላውቅም።

ጋሽ አንዳርጋቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና «ነፍስ ይማር» አሉ። ቀጥለውም «ነገ አርባው አይደለም እንዴ? ያባቷን አርባ ጥላ ወዴት ትሄዳለች እያልሁ ስታዘብሽ ነበር» አሉኝ። ነገርኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «እንግዲያው አዘዞ ስንወርድ አታውቂኝም፣ አላውቅሽም። የዚህን አፍ ነገር እኔም አላምነውም» ብለው አፋቸውን በእጃቸው መቱት። እንዳሉትም እንግዳ ሰው መስለው ቀድመውኝ ወረዱ። እንደዚያ ያለ ወሬኛ ሰው ለእኛ ሲል አፉን ይዞ ሲሄድ ከኋላው ሆኜ አየሁት።

የተቀበለኝ አካሉ ነው። ከስቷል። ሻንጣዬን ሲያነሣ በጆሮዬ «እስካሁን አላወቀችም» አለኝ። እንደ ጀብዱ ነበር የነገረኝ፤ ምሥጢሩን የመጠበቁ ዕዳ በእሱ ላይ ስለወደቀ ይሆናል። ዘመዱን ጎረቤቱን ሁሉ ሲያስጠነቅቅ፣ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሰው ፊት ሲመረምር ነው የከረመው።

ወንጌላዊትን አልጋዋ ላይ አገኘኋት። ወፍራለች፣ ቀልታለች፣ አራስ ሆና አምሮባታል። ልጁ ደረቷ ላይ ተኝቷል። አቅፌ ስስማት ፊቴን እንዳታየው አንገቷ ሥር ቀበርሁት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን መሰለሽ? ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ አለችኝ። የመንገዱን ነገር ስዘረዝርላት ሳቀች። «ጉድ ነው! መሬት የሚያስቀይሳት ብታጣ ሰማዩን ቀይሳው መጣች» አለች። አሁንም ያው ናት፣ ሳትነካኝ አትውልም። ቀጥላ «ቤት ታየሽ?» አለችኝ። ቤት አልታየኝም፣ ሐይቁ ግን ታየኝ አልኋት።

«ረግቷል ወይስ ይናወጣል?»

ይህ የአባዬ ጥያቄ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከውጭ የገባን ሰው ሁሉ ጤና ይስጥልኝ ከማለቱ በፊት እሱን ነበር የሚጠይቀው። ረግቷል አልሁ። «እንግዲያው መንገዱ ክፍት ነው» አለችና ወደ ልጁ ዞረች።

እኔ እንደ ቀልድ ወሰድሁት። ነገሩ በዚያው እንዳይጎተት ብዬ ያስጠናሽኝን ቶሎ ለጠፍሁላት፦ አባዬን ሐኪም አውሮፕላን ከልክሎት ነው፣ ደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ነው፣ አንቺም እግርሽ አብጦ ነው አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ። «ምን አልሁሽ እኔ? ምንም አልጠየቅሁሽም እኮ» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ እስከምንተኛ ድረስ ስለ አባዬ አንድ ቃል አላነሣችም፤ እኔም ተመስገን አልሁ። ተመስገን ያልሁበት ልቤ አሁን ያሳፍረኛል።

እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን በማለዳ ወጣን። አርባ ቀን ከበር ያላለፈች ሴት አየሩ ከብዷት ቀስ እያለች ትሄዳለች፤ እኔ የልጁን ልብስ ይዤ ከጎኗ ነኝ። ቅጥሩ ስንደርስ ነጠላዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለበስሁ። እማዬ፣ አላየሁትም። እምልልሻለሁ አላሰብሁትም። ከልጅነቴ ጀምሮ በጂንስ ሱሪ ስሮጥ የኖርሁ ልጅ፣ በሕይወቴ ነጠላ በየቀኑ የለበስሁት በእነዚህ አርባ ቀናት ብቻ ነው፤ እጄ የለመደው አለባበስ ያ ብቻ ነው። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ በአንገቴ አዙሬ፣ ልክ ድንኳን ውስጥ እንደምንቀመጠው አዘቅዝቄ ለበስሁት። ጥቁሩን አወለቅሁ፣ ዓይኔን ታጠብሁ፣ ውሸቱን አጠናሁ፤ እጄን ግን ማን ያስጠናልኝ?

ከበሩ አጠገብ የቆሙ አንዲት እማሆይ አዩኝና መቋሚያቸውን እያሳረፉ መጡ። ትከሻዬን ያዙ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ» አሉኝ። «ልጅነትሽም አሳዘነኝ። ማን ሞተብሽ?»

ወንጌላዊት አጠገቤ ነበረች። እጄን ብዘረጋ ልጁን እነካዋለሁ።

ሰዓቱን እወቂልኝ እማዬ። እዚያ ካህናቱ የአባዬን ስም እየጠሩ የሚጸልዩበት ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት፣ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ፣ «ማንም» አልሁ። «ማንም አልሞተብኝም፣ እማሆይ።» ሁለት ጊዜ አልሁት።

እማሆይ ግራ ገብቷቸው ነጠላዬን ያያሉ። አካሉ ከፊት ሆኖ ዞሮ ደርቋል። ያን ጊዜ ወንጌላዊት ልጁን ለአካሉ ሰጠችና ወደ እኔ መጣች። ነጠላውን ከላዬ ገፈፈችው፣ አራገፈችው፣ ገለበጠችው፤ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ፣ ለክርስትና እንደሚለበሰው አስተካክላ አለበሰችኝ። ይህን ስታደርግ በእኔ አናት ላይ ከእማሆይ ጋር ታወራ ነበር። «ይቅር ይበሏት እማሆይ፣ ኢንጂነር ናት» አለቻቸው። «አምስት ዓመት ሙሉ ሲያስተምሯት ነጠላ መልበስ ረሱባት።» እማሆይ ሳቁ። «ያሁን ልጆች!» ብለው መረቁንና ሄዱ። እኔም ተረፍን ብዬ ተነፈስሁ።

ነጠላውን አስተካክላ ከጨረሰች በኋላ ግን እጇ ትከሻዬ ላይ ቆየ። አንድ ክር እንደምትለቅም ሁሉ ቆየ። ቀና ብዬ ላያት አልደፈርሁም።

ልጁ ሲጠመቅ አለቀሰ፤ ጉሮሮው ያባዬ ነው። ቤት ስንገባ ሰው ሞልቷል። የአካሉ ዘመዶች፣ የኮሌጅ ባልደረቦቹ፣ ጎረቤቶች፤ ከእሷ በቀር አንድም የማያውቅ የለም። ሁሉም ይስቃል፣ ሳቁ ግን ከሚገባው በላይ ይጮሃል። መሪጌታው ድፎውን ባርከው ከቆረሱ በኋላ «የክርስትና ስሙን ካህኑ ሰጥተውታል፤ የዓለም ስሙን ደግሞ ከእናንተ እንስማ» አሉ። አንቺ የመረጥሽለት ኪሩቤል እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ለወጉ ነው የተጠየቀው። አካሉ ሊናገር አፉን ከፈተ።

«ምትኩ» አለች ወንጌላዊት።

አካሉ ያልሰማች መስሎት «ኪሩቤል ነው እኮ…» ብሎ ጀመረ። «ምትኩ ነው ስሙ» አለችው፤ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ልጁን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው እያዛወረች።

እማዬ፣ ያ ሁሉ ሰው ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። የማን ምትክ ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም። መሪጌታው ዓይናቸው እንባ ሞልቶ «ያሳድገው» አሉ። ሰውም ተከትሎ «ያሳድገው» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጸሎት። ወንጌላዊት ዙሪያውን ተመለከተችና «ብሉ እንጂ» አለች። «እህል ቀርቦ አይቆምም። ልጄ ዛሬ ነው ክርስቲያን የሆነው።» ብላም የመሪጌታውን ብርጭቆ እንድቀዳ በዓይኗ አዘዘችኝ። ቀዳሁ። ጠላው በእጄ ላይ ፈሰሰ።

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሎቹ እንደ ወጉ መጡ። ታውቃለች ተብሎ መርዶ አይቀርምና። እኔ ከልጁ ጋር ተኝቼ ነበር፤ በሩ ሲንኳኳ ብድግ ስል በሩ ቀድሞ ተከፍቷል። ወንጌላዊት ተነሥታ፣ ታጥባ፣ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸው ነበር። የሷ ነጠላ ለክርስትናው የተገዛ፣ ጥለቱ የደመቀ ስለሆነ የእኔን ወስዳ አዘቅዝቃ ለብሳለች። «ግቡ አባቶቼ፣ እንዳይከብዳችሁ» አለቻቸው። መሪጌታው ግን ሥርዓቱን አላጓደሉም፣ እስከ መጨረሻው ተናገሩ። እሷም እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ጮኸች። አርባ ቀን የታመቀ ጩኸት ነበር፤ መንደሩን ሁሉ አስነሣው። ሐይቁን ተሻግሮ አልተሰማሽም ወይ?

ለቀስተኛው ፋታ ሲሰጠን፣ መቼ አወቅሽ አልኋት። ነጠላውን ስለብስ ነው ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ በደሌን ልሸከም ተዘጋጅቼ ነበር። «የአንቺ ነጠላማ ማኅተሙ ነው» አለችኝ። «የተዳርሁ ቀን አባዬ ምን እንዳለኝ ረሳሽው? ልጄን ሩቅ አልዳርሁም፣ ማዶ ነው ያለችው። ወለድሁ በይኝ እንጂ፣ ጀልባው ቢቆም በታንኳ እመጣለሁ ነው ያለኝ። ዕድሜውን ሁሉ በጀልባ ጎርጎራ ሲመላለስ የኖረ ሰው፣ ወንድ ልጅ ወለድሁ ብዬው አንድ ሳምንት አለፈ። ሁለት ሳምንት አለፈ። አባዬ በሕይወት ኖሮ ነው መንገድ የሚዘጋበት?»

ያን ጊዜ ነው ስልኩ ትዝ ያለኝ። ከመጀመሪያው ሰሞን በኋላ አባዬን አቅርቡልኝ ማለቷን ትታው አልነበር? አንቺ ስልኩን በዘጋሽ ቁጥር «ተመስገን፣ ዛሬም አልጠየቀችም» ትይ ነበር። እሷ ደግሞ እዚህ ስልኩን ዘግታ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር እንደነበር አካሉ አሁን ነው የገባው፤ እንቅልፍ ነበር የመሰለው።

ለምን አልነገርሽንም ብዬ ተቆጣኋት፤ ማንን እንደምቆጣ ግን አላወቅሁም። ልጁን እያጠባች ነበር። «ነግሬያት እማዬ ምን ይቀራት ነበር?» አለችኝ። «አባዬ ሄደ። የምትጠብቀው አንድ ነገር ያስፈልጋት ነበር። ትጠብቀኝ አልሁ።»

ከዚያ ልጽፍልሽ ወረቀት እንዳወጣሁ ስታይ፣ ሌላው ይቆይሽና መጀመሪያ ይህን ጻፊላት አለችኝ፤ እኔ ግን እጄ ከሰላምታው ጀመረ። ያለችው ይኸ ነው፦ «ወተቴ አልደረቀም በያት።» አልደረቀም እማዬ። በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሷ እያለቀሰች እሱ ጠግቦ ከጡቷ ላይ ተኛ።

ስለ እኔ አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ስመለስ አዲስ አበባ ላይ ለሥራ ፈተና ተጠርቻለሁ። መንገድ የሚቀይስ መሥሪያ ቤት ነው። በለቅሶ ላይ የሥራ ወሬ ነውር መስሎኝ ደብቄሽ ነበር፤ በዚህ ቤት ግን የተደበቀ ነገር እንደማይበረክት አየሁ። ሁለት ዓመት በር ሳንኳኳ እንደኖርሁ ታውቂያለሽ፤ ይኸኛው ይከፈት ይሆናል። ብቻ መርቂኝ። እጄ መሥራት ይፈልጋል፣ ሥራ ካላገኘ የሚያደርገውን አይተሻል።

ከአዘዞ ስንነሣ በቀኝ በኩል እቀመጣለሁ፤ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ሐይቁ በቀኝ ነው። ወንጌላዊት አደራ ብላኛለች፣ ለእሷም ጭምር አየዋለሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ በላይሽ የአውሮፕላን ድምፅ ብትሰሚ ቀና አትበይ፣ አንገትሽን ያምሻል። አዲስ አበባ ደርሼ ተመልሼ እስክመጣ አንድ ቀን ነው። እኔ ከላይ ሆኜ አይሻለሁ።

የአባዬን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን። ውኃውን ሲሻገር እንዳደረሰው፣ ያንንም ማዶ በሰላም ያድርሰው። ለአንቺ ጉልበት፣ ለእኛ የአንቺን ዕድሜ ይስጠን። አካሉ እግርሽን ይስማል። ወንጌላዊት ደህና ሰንብች አትበለኝ፣ እመጣለሁ በያት ብላለች፤ በየት እንደሆነ አልነገረችኝም። ምትኩም አጠገቤ ተኝቷል።

ነጠላዬን እዚህ ትቼዋለሁ፤ ሌላ አዘጋጂልኝ።

ታናሿ ልጅሽ